በሽታው መቼ አገረሸ?

ሊምፎማ ያገረሸበት ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር አለ፦ «የመጨረሻውን ኬሞ ከጨረሱ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ዓመት ሳይሞላ ከሆነ አንድ መንገድ፣ ዓመት ካለፈ ሌላ መንገድ ይመረጣል። ታካሚዎች ግን ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን እንደ ስምና አድራሻ የሚሞላ የካርድ ወግ አድርገው ያዩታል። እኔ ዋሽንግተን ዙሪያ የካንሰር ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ፤ ኬሞውን በእጄ የምሰጠው እኔ ነኝ። የአገሬ ሰው ተረኛዬ በሆነ ቁጥር ቁጭ ብዬ በአማርኛ የማስረዳው ይህንኑ ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ተመልሶ ከመጣ መጣ ነው፤ ዘንድሮ ሆነ ካቻምና ምን ለውጥ አለው?» ብለውኛል። ለውጥ አለው፣ እማማ። ያንን ለውጥ ለማወቅ ብዙ ሰው ሕይወቱን ከፍሏል፤ ከከፈሉትም መካከል የካምፓላ ሕፃናት ይገኙበታል። ስማቸው እንኳ ስለማይነሣ ታሪኩን ልጽፈው ወደድሁ።

መነሻው እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናውቀው መርዝ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1935 ታኅሣሥ ወር የጣሊያን አውሮፕላኖች ተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ ኢፔሪት፣ ማለትም የመስታርድ ጋዝ፣ ጣሉ። ቆዳን የሚልጥ፣ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1936 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ያሉትም ይህንኑ ግፍ ነበር። መርዙ ከቆዳ አልፎ መቅኔን እንደሚያደርቅና ነጭ የደም ሴልን እንደሚጨርስ ግን ሐኪሞች ከዚያ በፊት ያውቁ ነበር፤ ክሩምባር የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተጎዱትን መርምረው በ1919 ጽፈውታል።

ሊምፎማ ደግሞ የነጭ የደም ሴል ካንሰር ነው። ሁለቱን ነገር ያገናኙት ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ የዬል ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ መንግሥት የመርዝ ጋዞችን ጠባይ እንዲያጠኑ ሲቀጥራቸው፣ የኢፔሪት የቅርብ ዘመድ የሆነውን፣ በድኝ ፋንታ ናይትሮጅን ያለበትን ናይትሮጅን መስታርድ ያዙ። በመጀመሪያ ዕጢ ባወጣች አይጥ ላይ ሞከሩት። ዕጢው ሟሸሸ፤ ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ ነሐሴ 27 ቀን 1942 ጉስታፍ ሊንድስኮግ የተባለው ቀዶ ሐኪም አንገቱና መንጋጋው በሊምፎማ አብጦ ጨረር አልበግር ላለው አንድ ሰው በደም ሥሩ ሰጠው። ሕክምናው አሥር ቀን ቆየ። እብጠቱ ዓይን እያየው ጠፋ። ግን ተመለሰ። ሁለተኛው ዙር ትንሽ ሠራ፣ ሦስተኛው ከዚያም አነሰ፣ ሰውየው ታኅሣሥ 1 ቀን አረፈ። ነገሩ የጦርነት ምስጢር ስለነበር በሕክምና መዝገቡ ላይ የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም አልሰፈረም፤ ለዓለም የተነገረው በ1946 ነው።

ብዙ ሰው ኬሞ የተወለደው በጣሊያኗ የባሪ ወደብ ነው ይላል። ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች ወደቡን ሲደበድቡ «ጆን ሃርቪ» የተባለችው የአሜሪካ መርከብ በምስጢር የጫነችው የመስታርድ ቦምብ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። 628 ሰዎች በመርዙ ተጎድተው ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነሱ 83ቱ ሞቱ። ስቱዋርት አሌክሳንደር የተባለ ወታደር ሐኪም የተጎጂዎቹን ደም መርምሮ ነጭ ሴላቸው እንዳለቀ መዝግቧል። የእሱ ሪፖርት ትልቅ ግፊት ሰጥቷል፤ ሆኖም የዬል ሙከራ ከባሪ አንድ ዓመት ይቀድማል። በተከዜ ዳር በገበሬ ላይ የዘነበው መርዝ ዘመዱ ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኒት ሆኖ በመርፌ መሰጠቱ ሁልጊዜ ይከብደኛል። ከታሪኩ ቆርጬ ልጥለው ግን አልችልም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የማገርሸት ዓመታት ናቸው። ቦስተን ላይ ሲድኒ ፋርበር በ1948 ደም ካንሰር የያዛቸው 16 ሕፃናት ላይ አሚኖፕተሪን ሞክሮ አሥሩ እንደተሻላቸው ጻፈ፤ መሻሉ ወራት እንጂ ዓመታት አልቆየም። አዲስ መድኃኒት በተገኘ ቁጥር ያው ነው፦ ዕጢው ይጠፋል፣ ቤተሰብ እልል ይላል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ ሲመለስም መድኃኒቱን ለምዶ ይመጣል። ብዙ ሐኪሞች ኬሞ ሰውን ማሠቃየት ብቻ ነው ብለው እጃቸውን የሰበሰቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መውጫውን ያሳየው የሳንባ ነቀርሳ ነው። ስትሬፕቶማይሲን ብቻውን ሲሰጥ ጀርሙ ይለምደዋል፤ ፓስ የተባለው መድኃኒት ሲጨመርበት ግን መልመዱ ይቀንሳል። በአገራችን የቲቢ ታካሚ ዛሬም ብዙ ዓይነት ኪኒን አንድ ላይ የሚውጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ካንሰሩስ ለምን እንዲሁ አይደረግም? አላባማ ውስጥ ሃዋርድ ስኪፐር በአይጦች ላይ የሠራው ሥራ ጥያቄውን ወደ ቁጥር ለወጠው። አንዲት የተረፈች የካንሰር ሴል ብቻዋን ተባዝታ አይጧን ልትገድል እንደምትችል አሳየ፤ አንድ ዙር መድኃኒት ደግሞ የተወሰነ ቁጥር ሳይሆን የተወሰነ እጅ እንደሚገድል። ይህን ለታካሚዎቼ እንዲህ አድርጌ ነው የማስረዳቸው፦ አንድ ሳንቲ ሜትር የምታህል ንፍፊት አንድ ቢሊዮን ያህል ሴል ትይዛለች። መድኃኒቱ ከሺህ 999ኙን ቢገድል አንድ ሚሊዮን ይተርፋል። አንድ ሚሊዮን ሴል በእጅ አይዳሰስም፣ በራጅም አይታይም። ሰውየው ድኛለሁ ብሎ ቤቱ የሚገባው ያኔ ነው።

ቤተስዳ ውስጥ ባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም፣ አሁን ከምኖርበት ብዙም በማይርቀው ግቢ፣ ቪንሰንት ዴቪታ፣ ጃክ ሞክስሊና ፖል ካርቦኔ ከነባልደረቦቻቸው በ1960ዎቹ አጋማሽ አራት መድኃኒት አንድ ላይ አቀናጁ፤ ሞፕ ይባላል። ናይትሮጅን መስታርድ፣ ከማዳጋስካር አበባ የሚወጣው ቪንክሪስቲን፣ ፕሮካርባዚን እና ፕሬድኒሶን። አመራረጡ በጥበብ ነው። እያንዳንዱ ብቻውን ሆጅኪን በተባለው የሊምፎማ ዓይነት ላይ የሚሠራ መሆን አለበት፤ ጉዳታቸው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ መደራረብ የለበትም። መስታርዱ መቅኔን ይጎዳል፣ ቪንክሪስቲን መቅኔን ብዙም ሳይነካ ነርቭን ያደነዝዛል። ሁለት ሳምንት ሕክምና፣ ሁለት ሳምንት መቅኔ የሚያገግምበት ዕረፍት፤ ቢያንስ ስድስት ዙር። እኛ ዛሬ ከኬሞ በፊት የምንሰጠው ጠንካራ የማስታወክ መከላከያ ያኔ አልነበረም። ያንን ስድስት ወር የቻሉ ሰዎች ምን ያህል እንደቻሉ የማስታወክ ሳህን ይዞ የቆመ ሰው ያውቀዋል። በ1970 ውጤቱ ሲታተም ከ43 ታካሚዎች የ35ቱ በሽታ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ከእነሱም ብዙዎቹ ዳግመኛ አልታመሙም።

ወደ ካምፓላ ልሂድ፤ በሰፊው ልጽፍ የፈለግሁት ስለ እሷ ነው።

ሙላጎ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው አየርላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1957 መንጋጋው በአራቱም ማዕዘን ያበጠ ሕፃን አየ። ብዙም ሳይቆይ ጂንጃ ላይ ሌላ አየ። በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነው፤ በቀረችው ዓይኑ ግን ሌሎች በየሆስፒታሉ ለየብቻ የሚያዩትን ነገር አንድ በሽታ መሆኑን ለየ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአሮጌ መኪና 10,000 ማይል ያህል ከዩጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ እየዞረ በሽታው የት እንዳለና የት እንደሌለ ካርታ ላይ አሰፈረ፤ በደጋና በደረቅ አገር እንደማይታይም አየ። በሽታው ዛሬ በርኪት ሊምፎማ ይባላል። ሙላጎ ያኔ የጨረር ሕክምና አልነበረውም። በርኪት የነበረው መድኃኒት ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ሳይክሎፎስፋማይድ፣ እሱም ከመስታርድ ወገን ነው። በአንድ ሁለት መርፌ የልጅ ፊት በቀናት ውስጥ ወደ ቀድሞ መልኩ ሲመለስ አየ። ናይጄሪያ ኢባዳን የሚሠራው ካሜሩናዊው ሐኪም ቪክቶር አኖማ ንጉም በዚሁ በሽታ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር።

በ1967 የአሜሪካው ተቋምና ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ሙላጎ ኮረብታ ላይ የሊምፎማ ሕክምና ማዕከል ከፈቱ፤ የዛሬው የዩጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ዚግለር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ነበር። በርኪት ሊምፎማ ከሰው ካንሰር ሁሉ ፈጣኑ ነው፤ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ለእናት ይህ ማለት ማታ ያስተኛችው ልጅ ጠዋት ፊቱ ተለውጦ ታገኘዋለች ማለት ነው። ለተመራማሪም ይህ ፍጥነት ሌላ ትርጉም ነበረው፦ ሌላ ሊምፎማ በዓመታት የሚሰጠውን መልስ በርኪት በወራት ይሰጣል። መድኃኒቱ ሠርቶ እንደሆነ፣ በሽታው አገርሽቶ እንደሆነ ቶሎ ይታወቃል።

ለማወቅ ግን ልጁን ማግኘት ያስፈልጋል። እንደ ነርስ የማደንቀው ይህን ክፍል ነው። ልጁ ተሽሎት መንደሩ ከገባ በኋላ ቀጠሮ ካልመጣ መኪና ተነሥቶ፣ ቤተሰቡን በየሰፈሩ እየጠየቀ ይፈልገው ነበር። መንገዱን የሚያውቁት ሾፌሮች፣ ቋንቋውን የሚችሉት ነርሶችና ረዳቶች ዩጋንዳውያን ነበሩ። ቤት ደርሰው መንጋጋውን ይዳስሳሉ፣ ሆዱን ይነካሉ፣ ዓይኑን ያያሉ። የአንድ ዓይን ቆብ መውደቅ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በሽታው የአንጎል ሽፋን ውስጥ ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በደም ሥር የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ እዚያ ቦታ በቂ ሆኖ አይደርስም። ስለዚህ በወገብ በኩል ወደ ኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ መድኃኒት መስጠት አስፈለገ። ቤተስዳ ላይም የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት አራት መድኃኒት በአንድነት ወስደው ሰውነታቸው ከጸዳ በኋላ በሽታው ያገረሸው በዚያው በአንጎል ሽፋን በኩል ነበር። ሁለቱ ቦታዎች፣ አንዱ ሀብታም አንዱ ድኻ፣ አንድ ትምህርት ተማሩ።

የዚግለር ቡድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገረሸባቸውን ልጆች ሁሉ ሰብስቦ ሲያጤን በሁለት ወገን ተከፈሉ። ሕክምና ካለቀ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ያገረሸባቸው አሉ፤ የእነዚህ ዕጢ መድኃኒቱን የለመደ ነው፣ ያው መድኃኒት ቢደገም አይሠራም፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ዘግይቶ ያገረሸባቸው ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ያው መድኃኒት ሲሰጣቸው ልክ እንደ መጀመሪያው ዕጢው ሟሸሸ፣ ከእነሱም የዳኑ አሉ። ለካ ማገርሸት አንድ ዓይነት አይደለም። ቀኑ ነው የሚለየው። ለእኚያ እናት ልመልስላቸው የሞከርሁት ይህንኑ ነው።

በ1972 በርኪት፣ ንጉ፣ ዚግለር፣ ዴቪታ፣ ካርቦኔና ሌሎችም ላስከር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ሽልማት በካንሰር መድኃኒት ሥራቸው ተሸለሙ። ዝርዝሩ ላይ አንድም ዩጋንዳዊ የለም፤ ይህ ትክክል አልነበረም እላለሁ። በዚያው ዓመት ኢዲ አሚን እስያውያንን አባረረ፣ አገሪቱ ታመሰች፣ አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ወጡ። ማዕከሉን ተረክቦ ያቆመው ዩጋንዳዊው ሐኪም ቻርልስ ኦልዌኒ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒት ማግኘት፣ ሠራተኛ ማቆየት፣ ማታ ቤት መግባት እንኳ ከባድ ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል የኦልዌኒ ቡድን በርኪት ያለባቸውን ልጆች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በአንድ መድኃኒት፣ ሌላውን በቅንጅት አክሞ ውጤቱን በ1976 አሳተመ። የሆጅኪን ሊምፎማ ያለባቸውን የዩጋንዳ ልጆችም ጨረር ስለሌለ በሞፕ ብቻ አክሞ ብዙዎቹን አዳነ። ያኔ በሀብታም አገር ለሆጅኪን ሕፃን ጨረር መስጠት የተለመደ ነበር፤ ጨረሩ ደግሞ የልጅን አጥንት ያቀጭጫል፣ ከዓመታት በኋላም ሌላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ሕፃናትን ከጨረር የማዳን ሐሳብ በኋላ ዓለም ሁሉ የተቀበለው ሆነ። ካምፓላ ግን አማራጭ አጥታ ቀድማ ሠርታዋለች።

ቤተስዳ በ1979 ወደዚያው ጥያቄ ተመለሰች። ሪቻርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ ሞፕ ወስደው ሆጅኪን ያገረሸባቸውን ሰዎች ዳግመኛ በሞፕ አከሙ። በሽታው ዓመት ቆይቶ የተመለሰባቸው 93 በመቶ እንደገና ሙሉ በሙሉ ጠፋላቸው፤ ዓመት ሳይሞላ የተመለሰባቸው ግን 29 በመቶ ብቻ። የዛሬው የአሥራ ሁለት ወር መስመር የተሰመረው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ቶሎ ለሚያገረሽባቸው ሌላ ቅንጅት ያስፈልግ ነበር። ሚላኖ ላይ ጃኒ ቦናዶና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሞፕን የለመደ ዕጢ የማያውቃቸውን አራት መድኃኒቶች አቀናጀ፤ ኤቢቪዲ ይባላል። ከአራቱ የመጀመሪያው አድሪያማይሲን ነው። መነሻው የሆነው ባክቴሪያ የተገኘው ደቡብ ጣሊያን ውስጥ ካስቴል ዴል ሞንቴ ከተባለ ጥንታዊ ግንብ አጠገብ በተወሰደ አፈር ውስጥ ነው፤ ያ አገር የባሪ አገር ነው። አድሪያማይሲን ደማቅ ቀይ ነው። ስሰጠው ከታካሚው አጠገብ ቁጭ እላለሁ፤ ሲሪንጁን ቀስ እያልሁ እገፋለሁ፣ በየጥቂት ሚሊ ሊትሩ ወደ ኋላ ስቤ ደም መመለሱን አያለሁ፣ «ያቃጥልዎታል? ይጨንቅዎታል?» እላለሁ። ከደም ሥሩ ውጪ ከፈሰሰ ሥጋን ያርሳልና። ሽንት ቀይ ሲሆን እንዳይደነግጡም አስቀድሜ እነግራለሁ። ኤቢቪዲ ያገረሸበትን ሊያድን የተሠራ ነበር፤ በ1992 ግን በ361 ታካሚዎች ላይ ከሞፕ ጋር ሲወዳደር ከመጀመሪያው ቢሰጥ የበለጠ እንደሚሠራና ጉዳቱም እንደሚያንስ ታወቀ። ሞፕ ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ ቀረ።

በሌሎቹ ሊምፎማዎች ላይ የተደረገው ደግሞ ትሕትናን ያስተማረ ነው። ቾፕ ከተባለው አራት መድኃኒት የተሻለ ይሆናል ተብሎ ከስድስት እስከ ስምንት መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ቅንጅቶች ተሠሩ። በ1993 በ899 ታካሚዎች ላይ ሲወዳደሩ ማንም ከቾፕ አልበለጠም፤ የጨመሩት ሥቃይን ብቻ ነበር። ያገረሸባቸውን በተመለከተ ትልቁ ሙከራ ፓርማ የተባለው ነው፤ በ1995 ታተመ። ዲሃፕ የተባለውን ቅንጅት ወስደው ዕጢያቸው የቀነሰላቸውን 109 ሰዎች በዕጣ ከፈሏቸው። ግማሾቹ ዲሃፑን ቀጠሉ፤ ግማሾቹ ከራሳቸው የተወሰደ መቅኔ ተቀምጦላቸው ከባድ ኬሞ ከወሰዱ በኋላ መቅኔያቸው ተመለሰላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት በመጀመሪያው ወገን 32፣ በሁለተኛው 53 በመቶ ነበሩ። ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ በተደረገው የ2010 የኮራል ሙከራ ሁለት የማዳኛ ቅንጅቶች ቢወዳደሩ እኩል ወጡ፤ ሰዎቹን የለየው እንደገና ዓመት ሳይሞላ ማገርሸቱ ነው። በ2022 ደግሞ በዓመት ውስጥ ላገረሸባቸው የራሳቸውን የመከላከያ ሴል አውጥቶ፣ ካንሰሩን እንዲለይ አስታጥቆ መመለስ ከአሮጌው መንገድ እንደሚሻል ታየ። «ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ያለው ሐኪም ታካሚውን ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚልከው በመልሱ ነው።

ስለዚህ አንባቢዬን ሁለት ነገር እለምናለሁ። ወንድማችሁ ወይም እናታችሁ ኬሞ ጀምረው ንፍፊቱ ሲጠፋ፣ ድነዋል ብላችሁ የቀረውን ዙር አታስቋርጧቸው፤ የማይዳሰሰው አንድ ሚሊዮን ገና አልሞተም። ሁለተኛው ወረቀት ነው። ከአዲስ አበባም፣ ከዱባይም፣ ከጂዳም ሕክምና ጀምረው የሚመጡ ታካሚዎች «ቀዩን መድኃኒት ወስጃለሁ» ይሉኛል፤ ስንት ዙር፣ በምን ያህል መጠን፣ መቼ እንዳለቀ ግን የያዘ ሰው ጥቂት ነው። አድሪያማይሲን ልብን ስለሚያደክም በዕድሜ ልክ ከተወሰነ መጠን በላይ አይሰጥም፤ የወሰዱት መጠን ካልታወቀ ሐኪሙ ሊረዳቸው የሚችልበትን መድኃኒት ለመስጠት ይፈራል። የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ መጠኑንና የመጨረሻውን ኬሞ ቀን ከሐኪማችሁ ጠይቃችሁ አስጽፉ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት፣ ከፓስፖርታችሁ ጋር ያዙት።